ኮሮና በአሳማ በረት፦ ግልገሎችን የሚጨርሰው ተቅማጥ ከየት ይመጣል?

«አሳማዎች በኮሮና አለቁ» የሚል የውጭ ዜና በቴሌግራም በተዘዋወረ ቁጥር በፒያሳና በስታዲየም ዙሪያ ካፌዎች ያው ጥያቄ ይነሳል። ይሄ ነገር ደግሞ ወደ ሰው ሊመጣ ነው እንዴ? ጥያቄው አይገርምም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የመጣውን ሁሉ ያየ ሰው፣ ኮሮና ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሌላው ደግሞ «እኛ አሳማ አንበላ፤ ምን አገባን?» ብሎ ማኪያቶውን ይቀጥላል።

ሁለቱም ዋናውን ነገር አልፈውታል። ይህ በሽታ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው የአሳማ ግልገሎችን አንጀት ነው። የሚሄደውም በዋናነት በፍግ፣ በጫማ፣ በመኪና ጎማ፣ አንዳንዴም በመኖ ነው። መሀል አዲስ አበባንም ከእርባታዎቹ ጋር የሚያገናኛት ይኸው መንገድ ነው። በከተማዋ ሆቴሎች ሳህን ላይ ከሚቀረው ምግብ አንዱ ክፍል ተጭኖ የሚሄደው ወደ አሳማ እርባታ ነውና።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ኮሮና?

ኮሮና የአንድ ቫይረስ መጠሪያ አይደለም። ብዙ አባላት ያሉት ቤተሰብ ነው። ጥጆችን ተቅማጥ የሚያስይዝ አለ። የዶሮን መተንፈሻ የሚያውክ አለ። ሜርስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ የኢትዮጵያ ግመሎችንም እንደያዘ በደማቸው ምርመራ ታውቋል። አብዛኞቹ በለመዱት እንስሳ ተወስነው ይኖራሉ።

ሳይንቲስቶች ቤተሰቡን አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማና ዴልታ ብለው በአራት ከፍለውታል። ኮቪድን ያመጣው ከቤታ ወገን ነው። በአሳማ አንጀት ላይ የሚታወቁት ዋና ዋናዎቹ አራት ቫይረሶች ደግሞ ሦስቱ ከአልፋ፣ አንዱ ከዴልታ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት አለ። በ2021 ዓለምን ያስጨነቀው የኮቪድ «ዴልታ» ዝርያ እና የአሳማው «ዴልታ ኮሮና» በስም ከመገጣጠም ሌላ የሚያገናኛቸው የቅርብ ዝምድና የለም።

አራቱን ባጭሩ እንያቸው። የመጀመሪያው ተላላፊ የጨጓራና አንጀት ብግነት የሚባለው ነው፤ በአሜሪካ በ1946 ተመዘገበ። ሁለተኛው ወረርሽኛዊ የአሳማ ተቅማጥ ነው። ፔድ በሚለው ምህጻረ ቃል ይታወቃል። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ታየ፤ ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1978 ቤልጂየም ውስጥ ነው። ሦስተኛው የአሳማ ዴልታ ኮሮና ሲሆን በ2012 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ይፋ አደረጉት። አራተኛው ሳድስ (ከእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል SADS) ይባላል። በ2016 መጨረሻ በቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት በአራት እርባታዎች ወደ 25,000 የሚጠጉ ግልገሎችን ገድሏል። የዘር ቅንጣቱ ሲመረመር እዚያው አካባቢ በሌሊት ወፎች ላይ ከሚገኝ ቫይረስ ጋር በጣም የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

በ2009 የተወራለት «የአሳማ ጉንፋን» ከእነዚህ ውስጥ የለበትም፤ እሱ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለውም ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አንጀት ውስጥ የሚሆነው

ቫይረሱ የሚገባው በዋናነት በአፍ ነው። ግልገሉ ጡት ሲፈልግ ወለሉን ይልሳል። ፍግ የነካው ጡት ይጠባል። ቫይረሱ የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ ቀጭኑ አንጀት ይደርሳል። የቀጭን አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ፎጣ ፀጉር በቆሙ ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው። ቪላይ ይባላሉ። ወተቱ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚያልፈው በእነዚህ ላይ በተደረደሩት ሴሎች በኩል ነው። ቫይረሱ የሚራባውም እነዚሁ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ነው።

ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ይረግፋሉ። ቪላዮቹም ያጥራሉ። በጤነኛ ግልገል የቪላዩ ቁመት ከሥሩ ካለው ጉድጓድ ጥልቀት 7 እጥፍ ያህል ነው። በመጀመሪያው በሽታ፣ ማለትም በተላላፊው ብግነት፣ ሁለቱ እስከ መተካከል ይደርሳሉ። በዓይን ሲታይ ደግሞ የአንጀቱ ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ውስጡ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ከውጭ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ግልገሉ ቢጠባም ወተቱ አይፈጭም። ያልተፈጨው የወተት ስኳር አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ከሰውነት ውሃ ይስባል። ያኔ ቀጭን ቢጫ ተቅማጥ ይጀምራል፤ የረጋ ወተት ፍርፋሪ ይታይበታል። ማስመለስም አለ። ብዙዎቹ ግልገሎች የሚሞቱት ውሃና ጨው ስላለቀባቸው፣ ደማቸውም ወደ አሲድነት ስላደላ ነው። በፔድ ጊዜ ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ እዚህ ላይ የሚገድለው ነገር የለም። የሚረዳው በጨውና በስኳር የተበጠበጠ ውሃ፣ ሙቀትና ደረቅ መኝታ ነው። እሱም ከፍ ላለው ግልገል እንጂ ገና በተወለደ በሁለተኛ ቀኑ ለተያዘው እምብዛም አይደርስለትም።

ለምን ትንንሾቹ?

በሽታው ትልቁንም ትንሹንም አሳማ ይይዛል። እናት አሳማ ተቅማጥ ሊይዛት፣ መኖ ልትተው፣ ወተቷም ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ትድናለች። ሞቱ የሚከማቸው የመጀመሪያው የሕይወት ሳምንት ላይ ነው። የጓንግዶንጉ ወረርሽኝ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። 5 ቀን ካልሞላቸው ግልገሎች ከ90 በመቶ በላይ ሞቱ። ከ8 ቀን በላይ ከሆናቸው የሞቱት ግን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ቫይረሱ ያው፣ በረቱም ያው።

አንዱ ምክንያት አንጀቱ ራሱን የሚያድስበት ፍጥነት ነው። ጡት የጣለ አሳማ የሞቱትን የአንጀት ሴሎች በ2 ወይም በ3 ቀን ይተካል። አዲስ የተወለደው ግን ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጅበታል። ግልገሉ ያን ያህል ጊዜ የለውም።

ሌላው ምክንያት እናትየው ናት። አሳማ በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሷ ፀረ እንግዳ አካል አታሳልፍም። ግልገሉ ያለ መከላከያ ይወለዳል። ሁሉንም ነገር የሚያገኘው ከእንገርና ከወተት ነው። እዚህ ላይ ወሳኝ የሆነው አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከእናት አንጀት የተነሱ ተከላካይ ሴሎች ወደ ጡቷ ተጉዘው ያመርቱታል። ግልገሉ በጠባ ቁጥር የአንጀቱን ግድግዳ ይቀባለታል። ጡት የተወ ቀን ጥበቃው ይቀንሳል። እናት ቫይረሱን በአንጀቷ አግኝታው የማታውቅ ከሆነች ወተቷ ውስጥ ይህ መከላከያ የለም። በሽታው አዲስ መንጋ ውስጥ ሲገባ የአንድ ሰሞን ወሊድ በሙሉ ሊያልቅ የሚችለው ለዚህ ነው። የክትባቱም ክርክር የሚነሳው ከዚሁ ነው።

በመኪና የሄደ ወረርሽኝ

ፔድ በአውሮፓ ለዓመታት መካከለኛ የሚባል በሽታ ነበር። በ2010 መጨረሻ ቻይና ውስጥ የበረታ ዝርያ ተነሳ። በኤፕሪል 2013 አሜሪካ ደረሰ። እዚያ የነበረው መንጋ ቫይረሱን ፈጽሞ አያውቀውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 30 በሚጠጉ ግዛቶች ተዳረሰ። የሞቱት ግልገሎች 7 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። በ2014 የአሳማ ሥጋ ዋጋ ናረ። መንግሥትም በዚያው ዓመት በሽታው የታየበት እርባታ ሁሉ እንዲያሳውቅ አዘዘ።

እነዚያ እርባታዎች አጥር ያላቸው፣ ሠራተኛው ገላውን ታጥቦ የሚገባባቸው ናቸው። ታዲያ ቫይረሱ በምን ገባ? አንዱ መልስ ቄራው በር ላይ ተገኘ። እንስሳ ጭነው ሲገቡ ንጹሕ የነበሩ መኪኖች አራግፈው ሲወጡ ቫይረሱን ይዘው ተገኙ። ሹፌሩ ወርዶ ሌላ መኪና ያቆሸሸውን ወለል ረግጧል፤ ጫማውን ይዞ ወደ ጋቢናው ተመልሷል። ከዚያ ቀጣዩ እርባታ። ቄራ ብዙ እርባታ የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ አንዱ የሌላውን በሽታ ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛው መልስ እስካሁን ያከራክራል። በጃንዋሪ 2014 ካናዳ ውስጥ በሽታው ሲከሰት የተያዙት እርባታዎች ከአንድ ዓይነት የግልገል መኖ ጋር ተያያዙ። መኖው ከአሳማ ደም የተዘጋጀ ደረቅ ፕላዝማ ነበረበት። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፕላዝማውን ለአሳማ ሰጥቶ ሲሞክረው በሽታ ማምጣት የሚችል ቫይረስ አገኘበት። በተዘጋጀው መኖ ሲሞክር ግን አሳማዎቹ አልታመሙም። አንዱ ወገን «መኖው ነው» ይላል። ሌላው «ማስረጃው ጎዶሎ ነው፤ በማጓጓዝ ጊዜም ሊበከል ይችላል» ይላል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ቫይረሱ በመኖ ውስጥ ቆይቶ ግልገል ማሳመም እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ መኖ ሊያስተላልፍ ይችላል የሚለው አሁን ብዙ አያጣላም። ያን ጊዜ ያስተላለፈው እሱ ነው ወይ የሚለው ነው ያልተቋጨው።

ቫይረሱ ራሱ ጠንካራ አይደለም። የቅባት ሽፋን ስላለው ሳሙናና በረኪና ይገድሉታል። የሚያድነው ፍጉና ቅዝቃዜው ነው። በፍግ የተበከለ የመኪና ወለል ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱን ለማምከን በ71 ዲግሪ ሙቀት 10 ደቂቃ በቅቷል፤ በ20 ዲግሪ ደግሞ 7 ቀን። በረኪናም ቢሆን ፍጉ ሳይጠረግ ከተረጨ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። መጥረግ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መርጨት። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ወጪው ብቻ ይቀራል።

ቁራጭ ያጣው ቫይረስ

በዚህ ታሪክ ውስጥ በሰው ብልሃት ያልመጣ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። በ1984 ቤልጂየም ውስጥ ከተላላፊው ብግነት ቫይረስ የወጣ አንድ ዝርያ ተገኘ። ከውጭ ከሚታየው ሹል ፕሮቲኑ ላይ አንድ ቁራጭ ጎድሎታል። በዚህ ምክንያት አንጀትን ማጥቃት ተስኖት ወደ መተንፈሻ አካል ተዛወረ። የሚያመጣው በሽታም ቀላል ነው። በአየር እየተዛመተ መንጋውን ሁሉ ሲይዝ ግን አሳማዎቹ ዋናውንም ቫይረስ መከላከል ቻሉ። ተላላፊው ብግነት በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቅ የሆነው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ክትባት ሠሪዎች ለዓመታት የለፉበትን ነገር ቫይረሱ ራሱ አደረገው።

ወደ ሰው ይተላለፋል?

ለፔድና ለተላላፊው ብግነት መልሱ አጭር ነው። ሰው እንደሚይዙ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በሥጋም አይመጡም፤ ሥጋው ከበሰለ ደግሞ ጭራሽ ጥያቄ የለውም።

የቀሩት ሁለቱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። በ2014 እና በ2015 ሄይቲ ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው ሦስት ሕፃናት ደም የአሳማ ዴልታ ኮሮና ተገኝቷል። ውጤቱ የታተመው በ2021 ነው። ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት አልታየም። ሳድስ ደግሞ በቤተ ሙከራ በሰው ሴሎች ውስጥ መራባት ችሏል። ሆኖም ጓንግዶንግ ውስጥ ከታመሙት አሳማዎች ጋር የሠሩ 35 ሰዎች ደማቸው ሲመረመር አንዳቸውም ላይ ምልክት አልተገኘም።

እነዚህን ይዘው «ቀጣዩ ወረርሽኝ ከአሳማ ነው» የሚሉ አሉ። «ሦስት ሕፃን ብቻ ነው፤ ምንም አይደለም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለኛል። የሄይቲው ግኝት የሚናገረው በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልተዘጋ ነው። ይህ በአሳማ አቅራቢያ ትኩሳት የታየበትን ሰው ናሙና ለሚያይ ላብራቶሪ ቁም ነገር ነው። ካዛንቺስ ምሳውን ለሚበላ ሰው ግን የሚለውጠው ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በኢትዮጵያ አሳማ ከሌላው ከብት አንጻር ኢምንት ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አይበላውም። ገበያው የተወሰኑ ሆቴሎች፣ ሱፐርማርኬቶችና የውጭ ዜጎች የሚያዘወትሯቸው ምግብ ቤቶች ናቸው። እርባታዎቹም በከተማዋ ዙሪያና በቢሾፍቱ አካባቢ ይበዛሉ። ከ65 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት ባለበት አገር የእንስሳት ሐኪሙም ላብራቶሪውም ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ግን ውጤት አለው፤ የግልገል ተቅማጥ «ያው ተቅማጥ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ተቅማጥ ደግሞ በዓይን አይለይም። ኢ-ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ፣ ሮታ ቫይረስ፣ ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስና ኮሮና ሁሉም ተመሳሳይ በረት ያቆሽሻሉ። አንዳንድ ፍንጭ አለ። ከግልገል እስከ እናት ሁሉም በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ከተያዘ፣ ማስመለስም ካለ፣ ወደ ኮሮና ያደላል። የተወሰኑ ግልገሎች ብቻ ከታመሙ ባክቴሪያን መጠርጠር ይቀላል። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን የቫይረሱን የዘር ቅንጣት የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ነው። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን የተጠረገለት ምርመራ መሆኑ ነው። ይህን ማሽን የሚያውቁ ባለሙያዎች ሩቅ አይደሉም፤ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ላይ ነው።

ለይቶ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ ሳያውቁ አንቲባዮቲክ መርጨት ገንዘብ ይበላል፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያም ያፈራል። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ነው። እሱ ኮሮና አይደለም። ግልገልና ትልቅ ሳይለይ መንጋውን ይጨርሳል፤ መድኃኒትም የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ተከስቷል። ከእነዚያ ወረርሽኞች የተወሰደው ቫይረስ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ዝርያ ሆኖ 23ኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቆዳ መቅላትና የትልልቅ አሳማዎች ሞት ከታየ ነገሩ የኮሮና ተቅማጥ አይደለም፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ መነገር አለበት።

የአየሩም ነገር አለ። እነዚህ ቫይረሶች ብርድና እርጥበት ይመቻቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ወቅታቸው በረዶው ነው። አዲስ አበባ በረዶ ባይኖራትም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ እንኳ የማይደርቅበት አየር የበረት ወለልን «7 ቀን አድርቁ» ማለት ቀልድ ይሆናል። በዚያ ወቅት ከመድረቅ ይልቅ ጫማ መለየት፣ ኖራና በረኪና፣ አይሱዙው ሳይታጠብ አለማስገባት የበለጠ ያዋጣል።

መከላከል፦ የማይስማሙባቸው ነጥቦች

ክትባት አለ። በቻይና፣ በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ጥቅም ላይ ውሏል። ችግሩ ቀድሞ ከታየው የእንገርና የወተት ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ደም ውስጥ መከላከያ ይፈጥራል፤ ወተት ውስጥ የሚያስገባው አይጂኤ ግን አነስተኛ ነው። እናትየው በሽታውን ከዚህ በፊት ካየችው መርፌው ያጠናክርላታል። ካላየችው ውጤቱ ደካማ ነው።

ስለዚህ ብዙ አርቢዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። የታመሙ ግልገሎችን አንጀትና ተቅማጥ በጥብጠው ለእርጉዝ እናቶች ያበላሉ። እናቶቹ ታመው ይድናሉ፤ የሚወልዱት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ያገኛል። ለሰሚው ይቀፋል። ደጋፊዎቹ ወረርሽኙን በሳምንታት ያሳጥራል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ከቫይረሱ ጋር ሌላም በሽታ እየተጋተ ነው፣ ቫይረሱም በእርባታው እንዲሰነብት ይረዳል ይላሉ። ላብራቶሪና ሐኪም በቅርብ በሌለበት እርባታ የተቃዋሚዎቹ ሥጋት ያመዝናል ባይ ነኝ።

የሆቴል ትራፊው ክርክር ግን ለከተማችን ይበልጥ ቅርብ ነው። በመንገድ ቋንቋ ቡሌ የሚባለው፣ ከአተላውና ከፉርሽካው ጋር ተደምሮ፣ ለአነስተኛ አርቢ ርካሽ መኖ ነው። ትራፊው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ካለ ዋናው ሥጋት የአፍሪካው ትኩሳት ነው። በ2007 ጆርጂያ የገባው ከመርከብ በወጣ የምግብ ትራፊ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። ኮሮናውን ደግሞ ከምግቡ ይልቅ በርሜሉ ሊያጓጉዘው ይችላል። አንዱ በርሜል ሦስት እርባታ ከዞረ በኋላ የሆቴሉ ጓሮ ይመለሳል።

ይከልከል የሚሉ አሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት የተከለከለ ነው። ክልከላ ግን ዋጋ አለው። በ2009 ግብፅ በአሳማ ጉንፋን ፍርሃት 300,000 ገደማ አሳማዎቿን እንዲታረዱ አዘዘች። ጉንፋኑን የሚያዛምተው ሰው ነበር። የካይሮን የምግብ ቆሻሻ ይበሉ የነበሩት አሳማዎች ሲጠፉ ግን ቆሻሻው መንገድ ላይ ተከመረ፤ ሰብሳቢዎቹም መተዳደሪያቸውን አጡ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለአፍሪካው ትኩሳት ያስቀመጠው አማራጭ ትራፊውን እያማሰሉ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ማቆየት ነው። ኮሮናውም ይህን ሙቀት አይችልም። ከባሕር ወለል በላይ ባለን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ እዚህ «90 ዲግሪ» ማለት ሳያቋርጡ ማንተክተክ ማለት ነው። ማገዶው ማን ይክፈል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለትንሽ አርቢ በየቀኑ አንድ ሰዓት ማንደድ ትራፊውን ከፉርሽካ ሊያስወድደው ይችላል። የበርሜሉ ነገር ግን ማገዶ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ እርባታ የራሱ በርሜል፣ ከበረቱ በር ውጭ የሚራገፍ፣ ታጥቦ የሚመለስ ከሆነ ከቫይረሱ መንገዶች አንዱ ነገውኑ ሊቆረጥ ይችላል።